በማክሰኞ የሚሸጥ ቁጣ

ሱቢራ ማለት ትዕግሥት ማለት ነው። ወላጆቿ ይህን ስም ያወጡላት ዐይተው ይሁን ተመኝተው አላውቅም። እኔ አብሬያት በዘፈንኩበት ዘመን ሁሉ ስትታገሥ ያየኋት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ቃኑኑና ቫዮሊኑ መግቢያውን ተጫውተው እስኪጨርሱ ዐይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። ከዚያ ውጭ ሻይ እስኪበርድ እንኳ አትጠብቅም፤ ምላሷን ታቃጥልና ሻዩን ትሰድባለች።

እኔ ሪዚኪ ነኝ፣ ተቀባይዋ። እሷ ስታወርድ እኔ ከኋላ እቀበላለሁ። ክለባችን ሪሃኒ ይባላል፤ ዛንዚባር ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለን። ታራብ የሚባለው የባሕር ዳርቻው የድሮ ዘፈን ዘፋኞች ነን። በደጉ ጊዜ ሪሃኒ ያልተጠራበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር። ሴቱ ሁሉ ጃስሚን ጸጉሩ ላይ ሰክቶ፣ ነገሩን በሆዱ ይዞ ይመጣል። ከጎረቤቷ የተጣላችው፣ ጣውንቷ ያቃጠለቻት፣ አማቷ ያስመረረቻት፣ ሁሏም ሱቢራ የእሷን ስንኝ እስክታወርድ ትጠብቃለች። ስንኟ ሲደርስ ብድግ ትላለች። ሽልንጓን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ፣ እየተውረገረገች በጠላቷ ፊት ታልፍና ሱቢራ እጅ ላይ ታስቀምጣለች። አፍ አውጥታ የተናገረችው ነገር የለም፤ ግን አገር ሰምቷል። ስንት ጠብ እንዲህ ተቋጭቷል፤ ስንቱም ተጀምሯል።

ከዚያ ኪቦርድ መጣ። አንድ ጎረምሳ፣ አንድ ኪቦርድ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል ሞንታርቦ። ቫዮሊኑ ውስጡ አለ፣ ከበሮው ውስጡ አለ፣ እልል የሚሉ ሴቶች ሳይቀሩ ውስጡ አሉ። ሰው ለምን ሽማግሌ ጭኖ ይምጣ? ሽማግሌ ቁርስ ይበላል፣ ሽማግሌ ሽንት ቤት ይጠይቃል። ጥሪው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ባለፈው ዓመት ኢድ ላይ ክለባችን ውስጥ ስንዘፍን ከተቀመጠው ሰው ይልቅ መድረክ ላይ የቆምነው በዛን። ከተቀመጡትም አንዷ ዝናቡ እስኪያባራ የተጠለለች ዓሣ ሻጭ ነበረች።

ሱቢራ ያን ቀን ዘፈኑን መሃል ላይ አቆመችና «አባራ!» አለቻት።

«ምን አሉኝ ቢቢ?» አለች፣ ትልቅ ሴት በምትጠራበት ስም።

«ዝናቡ አባርቷል። ሂጂ፣ ዓሣሽ ይገማል።»

ሴትየዋ ሄደች።

ማካሜ ወሬውን ያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማካሜ የቡድናችን መሪ ነው፤ ቫዮሊን ተጫዋች፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ልብሱ የተተኮሰ፣ ጠብ ሲነሳ ጫማውን የሚፈልግ ዓይነት ሰው። ሁላችንንም ሰብስቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሥራ አግኝቻለሁ። ሰሜን ዳርቻ ላይ ያለው ትልቁ ሆቴል። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ እንግዶቹ እራት ሲበሉ።»

«ሲበሉ?» አለች ሱቢራ። «አፉ የሞላ ሰው እንዴት ብሎ ይቀበለኛል?»

«አይቀበሉሽም። ዝም ብለው ይሰሙሻል።»

«ቋንቋችንን ያውቃሉ?»

«የት ያውቁታል፤ ፈረንጆች ናቸው።»

«እንግዲያው ፍየል አቁምላቸው። እሷም ድምፅ አላት።»

ማካሜ ጫማውን በዐይኑ መፈለግ ጀመረ። ያኔ ኡሲ ተናገረ። ኡሲ ቃኑን ይጫወታል፤ ያን ክሩ የበዛ፣ ጭን ላይ ተጋድሞ በጣት የሚቆረቆር መሣሪያ። የሁላችንም ታላቅ ነው፤ አንድ ዐይኑን ሞራ ሸፍኖታል። ቃኑኑ ከአባቱ የወረሰው ነው። በዓመት የሚናገረውን ሌላው ሰው በአንድ ቁርስ ይናገረዋል።

«ሱቢራ» አለ፤ «አንቺ ጓሮሽ ውስጥም ብቻሽን ትዘፍኛለሽ። ቃኑን ብቻውን ምን ያደርጋል? ማርጀቱ አልከበደኝም። ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ።»

ሱቢራ ለማካሜ ስትል አልሄደችም፤ ለገንዘቡም አይደለም። ለኡሲ ስትል ሄደች። ይህ ይታወቅልኝ፤ ኋላ ብዙ ሰው ብዙ ስላወራ።

ሆቴሉ በር ላይ ዘበኛው አቆመን። መለዮው አዲስ፣ ፊቱ የእኛው ሰፈር። ለኡሲ እንደ ወጉ፣ ሽማግሌ በሚጠራበት ስም ተናገረ።

«ምዜ፣ በዚህ አይቻልም። በጓሮ ዙሩ፤ ዓሣ በሚገባበት በኩል።»

«እኛ ዓሣ ነን?» አለችው ሱቢራ።

«ትእዛዝ ነው ቢቢ። እኔም በዚያው ነው የምገባው።»

ሥራ አስኪያጁ ፈሪድ ይባላል። የከተማ ልጅ ነው፤ ከረባት አስሮ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ጎንበስ ብሎ እጃችንን ሳመ። እናቱን ሁላችንም እናውቃታለን፤ ሰርጓ ላይ የዘፈነችው ሱቢራ ናት። ይህን ስንነግረው ሳቀ፣ «አውቃለሁ፣ እናቴ ሁሌ ትነግረኛለች» አለ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱን አልክድም። ግን በጨዋ አፉ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይነጥቀን ጀመር።

መጀመሪያ «እማማ ሱቢራ፣ ዘፈኑ ረዘመ፤ እንግዶቻችን ይሰለቻሉ» አለ። የእኛ ዘፈን የፒላው ሩዝ ተጥዶ እስኪወርድ ይቆያል፤ እንዲያ ነው የተሠራው። ማካሜ ቆራረጠው፤ መግቢያውን ጣለ፣ የኡሲን ብቸኛ ተራ ጣለ። በሚቀጥለው ማክሰኞ «ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ፤ ሰዎቹ መጨዋወት አልቻሉም» አለ። ደግሞ በሌላው ሳምንት ምንጣፋችንን ከባሕሩ ዳር አንሥቶ ዓሣ ከሚጠበስበት ፍም አጠገብ አነጠፈው፤ ለፎቶ ያምራል ብሎ። ጭሱ የኡሲን ደህና ዐይን አነደደው። በመጨረሻም «እማማ በመሃል በመሃል ብቻ ቢዘፍኑስ?» አለ።

«ማካሜ» አለች ሱቢራ ያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ፤ «የሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚል ልንገርህ? መጥታችሁ ሰሃን እጠቡ ነው የሚለው።»

«አንቺ ደግሞ! ሥራ ነው። ዘመኑ ነው።»

«ዘመን ሰው ነው እንዴ? ዘመን ከረባት ያስራል? ስም አለው፤ ፈሪድ ይባላል። አንተም ስም አለህ።»

ማካሜ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

አሁን ወደዚያች ማክሰኞ እመጣለሁ። ትልቁ ዝናብ ሊገባ ሲል ነው፤ ፀሐይ ባሕሩ ላይ እየወረደች፣ እንግዳው ሞልቶ። ሰሃን እየያዘ በፊታችን ይሰለፋል፣ ፍሙ ላይ ካለው ሸርጣንና ኦክቶፐስ ያስጨምራል፣ እየበላ ያልፋል። አንዱ፣ ፊቱን ፀሐይ ያቀላው ወፍራም ሰውዬ፣ ጨርሶ በላ። ሰሃኑን የሚያኖርበት ፈለገ፣ ዞር ዞር አለ። ኡሲ ቃኑኑን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተራውን እየጠበቀ ነበር። ሰውዬው ሰሃኑን የሸርጣን ቅርፊት እንደሞላ ቃኑኑ ላይ አስቀመጠው። ክሮቹ ላይ። ጣቱን ላሰ፣ ሄደ።

ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ያይሃል። እሱ ኡሲን አላየውም። ጠረጴዛ አየ።

ኡሲ እጆቹን አየር ላይ እንዳንሳፈፋቸው ቀረ። ከሰሃኑ ጠርዝ ዘይት ወርዶ በክሮቹ መሃል ወደ እንጨቱ ሲገባ እኔ አየሁ፤ ሱቢራም አየች። ማካሜም አይቷል። ግን የቫዮሊኑን ደጋን አላቆመም።

ሱቢራ ተነሣች። ሰሃኑን አንሥታ ፍሙ ውስጥ ገለበጠችው። ቅርፊቱ ተንጣጣ። ለማካሜ የምትፈልገውን ቅኝት በእጇ አመለከተችው፤ የድሮውን፣ የነገር ዘፈን የሚባለውን። ድምፅዋንም አልቀነሰችም።

«በልቶ የጠገበ ቅርፊቱን የጣለ፣
ዜማን ከጠረጴዛ መለየት ያልቻለ፣
ባሕሩን አቋርጦ ምን አየሁ ይላል?
ሆዱን ይዞ መጥቶ ሆዱን ይዞ ይሄዳል።»

ተቀበልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተቀብዬ አላውቅም። ፍም ላይ የቆመው ጠባሽ መቆንጠጫውን ጥሎ ሳቁን ለቀቀው። አስተናጋጆቹ ትሪ እንደያዙ ቆሙ። ከልብስ ማጠቢያው፣ ከወጥ ቤቱ፣ አልጋ ከሚያነጥፉት ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ ብቅ ማለት ጀመሩ። ፈሪድ እጁን እያወዛወዘ ሲሮጥ መጣ። ሱቢራ ወደ እሱ ዞረች፤

«ከረባት አጥብቆ አንገቱን አስሮ፣
እንግዳን በደጅ በር እናቱን በጓሮ።»

እልልታው ከወጥ ቤቱ በኩል ነጎደ። ታቱ የምትባል ልብስ አጣቢ፣ እጇ ገና ሳሙና እንደሆነ፣ ካንጋ ጨርቋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ወጣች። እየተውረገረገች በፈሪድ ፊት አልፋ፣ ከጡቷ ሥር ሽልንግ አውጥታ ሱቢራ እጅ ላይ አስቀመጠች። እንደ ድሮው። ልክ እንደ ድሮው! ኡሲ እያለቀሰ ይሁን ጭሱ ይሁን፣ በዚያ በዘይት በራሰ ቃኑን ያወጣውን ድምፅ ለማንም መንገር አልችልም።

እንግዶቹስ? ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹ። ሲያልቅም ቆመው አጨበጨቡ። ያ ፊቱ የቀላው ሰውዬ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ፤ መጥቶም ሱቢራን አቀፋት።

«ሰደብኩት!» ትላለች ሱቢራ ሚኒባሱ ውስጥ የፊቱን ወንበር እየደበደበች። «ሪዚኪ፣ ፊት ለፊት ሰደብኩት፤ አቀፈኝ! ምን ልሁን? በዱላ ልምታው?»

በማግስቱ ማለዳ ታቱ ወደ ሱቢራ ቤት መጣች። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ የካሳቫ ቁርስ ላይ ነን። ታቱ አልተቀመጠችም።

«ተባረርኩ ቢቢ። ሥራ ጥለሽ በእንግዳ ፊት ጨፈርሽ ተባልኩ። እርስዎን ልወቅስ አይደለም የመጣሁት። ያን ስንኝ ድጋሚ እንዲሉልኝ ነው፤ መጨረሻውን በሳቅ አልሰማሁትም።»

ሱቢራ አለችላት። ከዚያ ካንጋዋን ለብሳ ሰሜን ሄጄ ያንን ሆቴል ካላቃጠልኩ አለች፤ እኔና ታቱ በር ዘግተን አስቀረናት።

ፈሪድ ራሱ መጣ። ሐሙስ ዕለት፣ ክለባችን ውስጥ፣ አንድ ቅርጫት ሐልዋ ይዞ። ሊያባርረን ነው ብለን ስንጠብቅ በፈገግታ ተቀመጠ።

«እማማ ሱቢራ፣ መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ አልዋሽም። ግን እንግዶቹ ቪዲዮውን ለዓለም ሁሉ ላኩት። ሰው ስልክ እየደወለ ‹ቁጡዋ አሮጊት መቼ ነው የምትዘፍነው?› እያለ ይጠይቃል። በየማክሰኞው እንደዚያው እንዲሆን እፈልጋለሁ። እንደዚያው! ሙሉ ዘፈኑን፣ በፈለጉት ድምፅ።»

ሱቢራ የሐልዋውን ቅርጫት ገፋ አደረገችው።

«ልቆጣልህ?»

«አዎ።»

«በየማክሰኞው?»

«ፀሐይ ስትጠልቅ፤ ብርሃኑ ያኔ ያምራል።»

ማካሜ ጣልቃ ገባ። «ሱቢራ፣ እስቲ አስቢው። የጎደለን ሰሚ ነበር፤ ይኸው ሰሚ።»

«አንተ ዝም በል!» አለችው። ወደ ፈሪድ ዞረች። «ታቱን ወደ ሥራዋ መልሳት።»

«እሱ የሥርዓት ጉዳይ ነው…»

«ታቱ ከተመለሰች እመጣለሁ። ካልተመለሰች እናትህ ቤት ደጃፍ ቆሜ እዘፍናለሁ። እናትህ ደግሞ ቋንቋዬን ታውቃለች።»

ፈሪድ ሳቀ። ሱቢራ አለመሳቋን ሲያይ አቆመ። ታቱ ቅዳሜ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ምንጣፋችን ባሕሩ ዳር ተነጥፎ ጠበቀን። ወንበሮች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። ፈረንጆቹ ስልካቸውን ቀድመው አዘጋጅተዋል። ሱቢራ ተቀምጣ ዐይኗን ጨፈነች። ማካሜ መግቢያውን ጀመረ፤ ኡሲ ተከተለ። ኡሲ ቃኑኑን ሳምንቱን ሙሉ በጥጥ ሲጠርግ ሰንብቶ ነበር፤ እንጨቱ ላይ ግን እድፉ ቀርቷል።

ያኔ ከወጥ ቤት በኩል አንድ አስተናጋጅ መጣ። ሰሃን ይዟል። ሰሃኑ ላይ የሸርጣን ቅርፊት አለ፣ ታጥቦ፣ ተመርጦ፣ በሥርዓት የተደረደረ። ቀጥ ብሎ ወደ ኡሲ ሄደ። አንገቱን ሰብሯል።

«ምዜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ታዝዤ ነው» አለና ሰሃኑን ቃኑኑ ላይ አስቀመጠው።

ሰዎቹ ሳቁ። መጀመሩ መሆኑን ያውቁ ነበር።

እኔ ፈሪድን ነው ያየሁት። ሱቢራ ግን ማካሜን አየች። ማካሜ አልደነገጠም ነበር። ሰሃኑ ሲመጣ ደጋኑን አላወላገደም፤ እንዲያውም ለሰሃኑ ቦታ እንዲኖር ጉልበቱን ሰብሰብ አድርጎ ነበር። ያውቃል። ተመካክረዋል።

ኡሲ ሰሃኑን በሁለት እጁ አነሣ፤ በቀስታ አሸዋው ላይ አኖረው። ቃኑኑን በጨርቁ መጠቅለል ጀመረ።

ሱቢራ ተነሣች፤ ወደ እንግዶቹ አልዞረችም፣ ወደ ፈሪድም አልዞረችም። ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ ማካሜ ፊት ቆመች፤ ከእሱ በክንድ ርቀት። ወደ ታች እያየችው አወረደች፤

«ደጋኑ ቀጥ ብሏል ጌታው ነው የጎበጠ፣
ወንድሙን በሰሃን አቅርቦ የሸጠ።»

ማካሜ ፊቱ አመድ መሰለ። ማቆም ይችል ነበር። ቫዮሊኑን አኑሮ መነሣት ይችል ነበር፤ ጫማው አጠገቡ ነው። አላቆመም። አርባ ዓመት እሷን ሲያጅብ የኖረ እጅ ነው፤ የት እንደምትተነፍስ፣ የት እንደምትጎትት ያውቃል። እሷ ስትጎትት ጎተተ፤ ስትቆርጥ ቆረጠ። ሁለተኛውን ስንኝ አወረደች፣ ሦስተኛውን። የወጣትነቱን አነሣች፣ የተበደረውን ከበሬታ አነሣች፣ የሞቱትን ባልደረቦቻችንን በስም በስም እየጠራች «እነሱ ቢያዩህ» አለችው። እሱ ለእያንዳንዱ ስድብ መልሱን በቫዮሊን እየሰጠ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ፣ ከሃያ ዓመት ወዲህ ያልሰማሁትን ጨዋታ ተጫወተ። እኔ መቀበል አቃተኝ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይቀበሉታል?

በወጥ ቤቱ በር ላይ ሠራተኞቹ ቆመው ነበር። ያን ቀን ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልወጣም። ታቱ አፏን በካንጋዋ ይዛ ነበር።

ፈረንጆቹ አጨበጨቡ።

ሱቢራ ጨረሰች። ማካሜ ቫዮሊኑን ሳጥኑ ውስጥ አስገባ።

«ወጣልሽ?» አላት።

«አልወጣልኝም።»

«እኔ ለክለቡ ብዬ ነው። ለኡሲ መድኃኒት፣ ለጣሪያው። አንቺ ቁጣ አለሽ፤ እኔ ምን አለኝ? ቁጣሽ ጣሪያ ይከድናል?»

«ኡሲን ብትጠይቀው ኖሮ!» አለች ሱቢራ። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰነጠቀ። «አንድ ቃል! ‹ወንድሜ፣ ነገ ሰሃን ሊያኖሩብህ ነው፣ ትችለዋለህ?› ብትለው። እሱ እሺ ይልህ ነበር። ይህን ታውቃለህ፤ ለዚህ ነው ያልጠየቅኸው።»

ማካሜ ጫማውን አጠለቀ። ኡሲ ቃኑኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከእኛ ቀድሞ መንገድ ጀምሯል። በዋናው በር በኩል ወጣ፤ ዘበኛው ብድግ ብሎ ከፈተለት።

ከዚያ በኋላ አልተመለስንም። ፈሪድ ግን ታቱን አላባረረም፤ ያንን አልክድም። ማካሜ እዚያው ቀረ። ባለ ኪቦርድ ጎረምሳ ጨመሩለት፤ መቆጣት ያጠናች አንዲት ወጣት ዘፋኝም አመጡ። ፈረንጆቹ ልዩነቱን አላወቁም አሉ። ይህን ለሱቢራ ስነግራት ትሳደባለች ብዬ ነበር። «ልጅቷ ምን ታድርግ» አለች፤ «የተናደደችበት ሰው የላትም።» የማካሜን ስም ግን እስከ ዛሬ ማንም አጠገቧ አያነሣም። ገበያ ላይ ከሩቅ ካየችው መንገድ ትቀይራለች፤ እሱም እንደዚያው። ሚስቱ ታማ ሆስፒታል በገባች ጊዜ ሱቢራ ሾርባ ይዛ ሄዳ ነበር፤ እሱ መምጣቱን ስትሰማ ሾርባውን አስቀምጣ በሌላ በር ወጣች።

ጣሪያችን አሁንም ያፈሳል። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በራችንን ከፍተን እንጫወታለን፤ ኡሲ፣ እኔ፣ ሱቢራ፣ አንድ ከበሮ መቺ። ቫዮሊን የለም። ታቱ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ትመጣለች፤ እሷ ጎረቤቷን አመጣች፣ ጎረቤቷ ጣውንቷ ላይ ስንኝ እንዲወርድላት ፈልጋ መጣች፣ ጣውንቲቱም ነገሩን ሰምታ መልስ ልታሰጥ መጣች። አሥር ሴቶች ቢሆኑ ነው። ሱቢራ ስለ እነሱም ደግ ቃል አትናገርም። «ወሬኛ ሁሉ» ትላቸዋለች።

ባለፈው ሐሙስ ኡሲ የብቻውን ተራ ሲጫወት፣ ያቺ ጣውንት የተባለችው ስልኳ ጮኸ። አነሣችው። ስለ ኮኮናት ዋጋ ማውራት ጀመረች። ሱቢራ ዐይኗን ገለጠች።

«ውጪ።»

«ቢቢ፣ ባሌ ነው እኮ…»

«ባልሽን ውጭ አናግሪው። እኚህ ሰው እየተናገሩ ነው። ውጪ አልኩሽ!»

ሴትየዋ እየተነጫነጨች ወጣች። ጓደኛዋም ተከትላት ወጣች። ሌላዋ ለማስታረቅ ስትል ተነሣችና እሷም ሳትመለስ ቀረች።

ኡሲ ጣቶቹን ክሮቹ ላይ እንዳኖረ በደህናው ዐይኑ ሱቢራን አያት።

«ያሉንንም አባረርሻቸው እኮ።»

«ይሂዱ» አለች። «ምታ አንተ።»